ከመሣሪያው በፊት ካርታውን እዩ

ለዝግጅት ክፍሉ፣
ጤና ይስጥልን።

«ለመኪናዬ ጂፒኤስ ልግዛ ወይስ ስልኬ ይበቃኛል?» በመኪና ኤሌክትሪክና በጂፒኤስ ገጠማ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ሳንጠየቅ የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው። ሻጭ ስለ ስክሪኑ ስፋት ያወራል፤ ጓደኛ ደግሞ «ስልክ እያለህ ምን አስጨነቀህ» ይላል። ሁለቱም ዋናውን ነገር ይዘሉታል። መኪናን ከቦታው የሚያደርሰው ዕቃው ውስጥ ያለው ካርታና ሹፌሩ የሚያስገባለት አድራሻ ነው። አሮጌ ካርታ የተጫነበት ውድ ጂፒኤስ፣ ስክሪኑ ተሰንጥቆም ትኩስ ካርታ ከያዘ ስልክ ያንሳል። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መታየት ያለባቸውን ነገሮች እንጽፋለን፤ መጨረሻ ላይ ለጋዜጣው ራሱ አንድ ጥያቄ አለን።

በቅድሚያ አንድ ነገር ይታረም። ብዙ ሰው ዳታ ሲያልቅ ጂፒኤሱም አብሮ የሚጠፋ ይመስለዋል። አይጠፋም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆነው ያሰራጫሉ፤ ስልኩም ሆነ የመኪናው ጂፒኤስ ያዳምጣል እንጂ የሚልከው ነገር የለም። ሬዲዮ ስትሰሙ ካርድ እንደማይቆጥርባችሁ ሁሉ ይህም አይቆጥርም። ያለበትን ቦታ ለማስላት ቢያንስ አራት ሳተላይት ያስፈልገዋል፤ አራተኛው የሚያስፈልገው የመሣሪያውን ሰዓት ስሕተት ለማረም ነው። የዛሬ ስልኮች ከአሜሪካው ጂፒኤስ ሌላ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ አብረው ስለሚሰሙ፣ ሰማዩ ግልጽ በሆነበት ቦታ ስሕተታቸው 5 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ «ጂፒኤሱ ከስልክ የተሻለ ሳተላይት ይይዛል» የሚለው የሻጮች አባባል ድሮ እውነት ነበር፤ ዛሬ ግን ለመግዛት ምክንያት አይሆንም።

ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለሌላ ነገር ነው። የካርታውን ምስል ለማምጣት፣ ስም ለመፈለግ፣ የመንገድ መጨናነቅን ለማወቅ፣ እንዲሁም ቦታውን ቶሎ ለማግኘት። የመጨረሻው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ሳተላይት የት እንዳለ የሚናገረውን መልእክት በየ30 ሰከንዱ ደግሞ ያስተላልፋል። ዳታ ያለው ስልክ ይህንን መረጃ ከኔትወርክ አስቀድሞ ስለሚያመጣ በጥቂት ሰከንድ ቦታውን ያገኛል። ዳታ የሌለው ስልክና ራሱን የቻለው ጂፒኤስ ግን መልእክቱን ከሰማይ ቁጭ ብለው መስማት አለባቸው። መኪናው በፎቆች መካከል እየሄደ ከሆነ ሲግናሉ በተቋረጠ ቁጥር እንደገና መጀመር ይኖርባቸዋል። ሹፌሩ «ይህ ዕቃ አይሠራም» የሚለው ይሄኔ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሞተር አስነስቶ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ሁለት ሦስት ደቂቃ መቆም ብቻ። ወራት ሳይከፈት የቆየ ወይም ከባሕር ማዶ ተጭኖ የመጣ ጂፒኤስ ደግሞ የሳተላይቶቹን ሙሉ ዝርዝር እንደ አዲስ መሰብሰብ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ዝርዝር ተልኮ የሚያልቀው በ12 ደቂቃ ተኩል ነው። ሩብ ሰዓት ሳይጠብቁ ዕቃውን ወደ ሻጩ መመለስ የዋህነት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነዳ ሰው መልሳችን አጭር ነው፤ ስልክ ይበቃል። የራይድና የፈረስ ሹፌሮችማ ጥሪው የሚመጣው በስልክ ስለሆነ ምርጫም የላቸውም። ዋናው ምክንያት ግን የኮሪደር ልማቱ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የከተማዋ መንገዶች ሰፍተዋል፣ ወደ ግራ መታጠፊያዎች ተዘግተዋል፣ መዞሪያዎች ቦታ ቀይረዋል፣ ፒያሳን የመሰለ ሰፈር መልኩ ሌላ ሆኗል። የስልክ ካርታ ከተጠቃሚዎች እንቅስቃሴና ጥቆማ ራሱን እያረመ ይሄዳል። የመኪናው ጂፒኤስ ግን አምራቹ አዲስ ካርታ እስኪያወጣ፣ ባለቤቱም ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ እስኪያወርድ ድረስ አሮጌውን መንገድ ያሳያል። ባለቤቱ ደግሞ አያወርድም፤ ይህንን በተግባር የምናየው ነው።

ስልክም በከተማ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ። ጎተራ ማሳለጫን የመሰለ መንገድ በመንገድ ላይ የተነባበረበት ቦታ ላይ ሳተላይቱ መኪናው ከላይ ይሁን ከታች በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም፤ ስለዚህ ስልኩ ባልገባችሁበት መንገድ ላይ አድርጎ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ከመድረሳችሁ በፊት ካርታውን አስፍታችሁ መውጫውን ማየት ይሻላል። ቆማችሁ ሳላችሁ ቀስቱ ወዲያና ወዲህ ከዞረም አትደንግጡ። የቆመ መኪና አቅጣጫ ከሳተላይት ስለማይታወቅ ስልኩ በውስጡ ባለው ኮምፓስ ይመራል፤ ኮምፓሱን ደግሞ ማግኔት ያለው የስልክ መያዣ ያሳብደዋል። ሃያ ሠላሳ ሜትር ከሄዳችሁ ይስተካከላል። የባትሪ ቆጣቢው ከበራም ስልኩ ቦታውን የማደሱን ሥራ ሊያዘገይ ይችላል፤ ጉዞ ላይ ይጥፋ።

ወደ ክፍለ ሀገር የሚወጣ ሰው ከቤቱ ሳይነሳ ካርታ ማውረድ አለበት። በጎግል ማፕ ላይ ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን የራስን ፎቶ መንካት፣ «ኦፍላይን ማፕስ» የሚለውን መክፈት፣ «የራስዎን ካርታ ይምረጡ» የሚለውን መርጦ የሚመጣውን አራት ማዕዘን በምትሄዱበት መስመር ላይ ዘርግቶ ማውረድ ነው። መስመሩ በአንድ ካልበቃ ሁለትና ሦስት ቦታ ከፋፍላችሁ አውርዱ፤ ጫፎቹ ትንሽ ይደራረቡ። እያንዳንዱ ካርታ የሚያበቃበት ቀን ከሥሩ ተጽፏል። 15 ቀን ወይም ከዚያ በታች ሲቀረው ዋይፋይ ካገኘ ራሱ ሊያድስ ይሞክራል፤ ዋይፋይ የማያውቀው ስልክ ግን አንድ ቀን ባዶ ሆኖ ይገኛል። ሳይታወቅ የሚታለፈው ሌላ ነገር አለ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው የመኪና መንገድ ብቻ ነው። የእግር መንገድ የለም፣ የትራፊክ ሁኔታ የለም፣ አማራጭ መንገድም አያቀርብም።

ስለዚህ ሁለተኛ ካርታ ቢጨመር እንመክራለን። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ የሚባሉት መተግበሪያዎች ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለውን በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩትን ካርታ ይጠቀማሉ፤ የኢትዮጵያን ካርታ አንዴ ካወረዱ በኋላ ፍለጋውም፣ መንገድ ማውጣቱም፣ ድምፁም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሁለቱም ላይ ያልተነጠፈ መንገድን አስወግድ የሚል ምርጫ አለ። ምርጫው ግን የሚሠራው ካርታውን የሠራው ሰው መንገዱ አስፋልት ይሁን ፒስታ ብሎ ከመዘገበው ብቻ ነው። ካልተመዘገበ መተግበሪያው አያውቅም፤ በክረምት ውሃ የሚቆርጠውን መንገድ «ያቋርጣል» ብሎ ሊመራችሁ ይችላል። ከፒስታ ከመግባት በፊት ከዚያ በኩል የሚመጣን ሹፌር መጠየቅ እስካሁን ከየትኛውም ካርታ ይበልጣል።

የከተሞች ስም ነገር ብዙ ሰው ያደናግራል። አሮጌ ካርታ ላይ ናዝሬት እንጂ አዳማ ላይገኝ ይችላል፤ ደብረ ዘይት እንጂ ቢሾፍቱ፣ ዝዋይ እንጂ ባቱ፣ ዓለማያ እንጂ ሐሮማያ፣ ሐገረ ማርያም እንጂ ቡሌ ሆራ። በዚያ ላይ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ አለ። «ሀዋሳ» በኤች ትጀምር ወይስ በኤ? «መቀሌ» አንድ ኤል ወይስ ሁለት? ጎግል ቢሳሳቱም አቃንቶ ያገኛል። የመኪና ጂፒኤስ ግን በአብዛኛው ፊደል በፊደል ነው የሚፈልገው፤ አንድ ፊደል ከተዛባ «አልተገኘም» ይላል። አልተገኘም ካለ ሌላውን ስም ሞክሩ፤ እምቢ ካለ በካርታው ላይ በጣት ምረጡት።

አሁን ወደ ጂፒኤሱ እንምጣ። በእኛ አስተያየት ራሱን የቻለ ጂፒኤስ መግዛት ትርጉም የሚኖረው ለሦስት ዓይነት ሰዎች ነው። በቆላ መስመር ለሚውሉ የጭነት ሹፌሮች፣ ከአስፋልት ውጪ ለሚሠሩ የአስጎብኚና የፕሮጀክት መኪኖች፣ እንዲሁም ስልካቸውን ለሥራ ጥሪ ነፃ ማድረግ ለሚፈልጉ።

የቆላው ነገር ሙቀት ነው። አፕል አይፎን እንዲሠራ የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በሚሌ አድርጎ ወደ ጋላፊ የሚወርድ መኪና ውስጥ፣ የፊት መስታወት ሥር ፀሐይ እየመታው፣ ባትሪው እየተሞላና ስክሪኑ ሙሉ ብርሃን ላይ ሆኖ፣ ስልክ ያንን ከማለፍ ውጪ ምርጫ የለውም። መጀመሪያ ስክሪኑ ይደበዝዛል። ቀጥሎ ቻርጅ መቀበል ያቆማል። በመጨረሻ የሙቀት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ካርታውን ይዘጋል። ጋርሚን የተባለው አምራች የመኪና ጂፒኤሶች ግን እስከ 55 ዲግሪ እንዲሠሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ስልክ ብቻ ያለው ሰው መያዣውን ከመስታወቱ አንስቶ ቀዝቃዛ አየር በሚወጣበት የኤሲ ቀዳዳ ላይ ቢያደርገው፣ የስልኩን ሽፋን ቢያወልቅና የስክሪኑን ብርሃን ቢቀንስ ችግሩ በእጅጉ ይቀላል። ይኸው መያዣ ደብረ ብርሃን ላይ ማሞቂያ ሲከፈት በተቃራኒው ስልኩን ይጠብሰዋል፤ ያኔ ቦታ ይቀየር። የትም ይሁን የት ግን ኤርባግ በሚፈነዳበት ሽፋን ላይ አይለጠፍ።

የኤሌክትሪኩን ጉዳይ ትንሽ ዘርዘር እናድርገው፤ የእኛ ሥራ ነውና። የቤት መኪና 12 ቮልት ነው፤ ሲኖትራክና ሌሎች ከባድ መኪኖች 24 ቮልት ናቸው። የሲጋራ መለኮሻ ሶኬቱ ግን አንድ ዓይነት ስለሆነ የ12 ቮልት ቻርጀር ያለ ምንም ችግር ይገባል፤ የሚቃጠለው ከገባ በኋላ ነው። ቻርጀሩ ላይ «12–24» የሚል ካልተጻፈ ለከባድ መኪና አትግዙት። ቀጥሎ አምፔሩን እዩ። ካርታ ከፍቶ፣ ስክሪን አብርቶ፣ ዳታ እየተጠቀመ ያለ ስልክ 1 አምፔር ብቻ ከሚሰጥ ቻርጀር የሚያገኘው ከሚጠቀመው ሊያንስ ይችላል፤ ተሰክቶ እያለ ባትሪው የሚወርደው ለዚህ ነው። በ5 ቮልት ቢያንስ 2 አምፔር የሚሰጥ ይሁን፤ ገመዱም ወፍራምና አጭር ይሁን። ቀጭን ባለ 2 ሜትር ገመድ ላይ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይቀራል። ርካሽ ቻርጀርና ርካሽ የዳሽቦርድ ካሜራ ሌላም ጣጣ አላቸው፤ የሚያወጡት የኤሌክትሪክ ጫጫታ ደካማውን የሳተላይት ሲግናል ያፍናል። ጂፒኤሱ ወይም ስልኩ በድንገት ቦታ ማግኘት ካቃተው መጀመሪያ ካሜራውን ነቅላችሁ ሞክሩ፤ ሲስተካከል ታያላችሁ። ብረት የተቀላቀለበት የመስታወት ላስቲክም እንዲሁ ሲግናል ይከለክላል።

አሮጌዎቹን የጋርሚን ኑቪ ሞዴሎች የገዛ ሰው ደግሞ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያጋጥመዋል። ሚኒ ዩኤስቢ ገመድ ስለሚቀበሉ ሰው ቤት ያገኘውን የኮምፒውተር ገመድ ይሰካል፤ መሣሪያው ካርታውን ትቶ ከኮምፒውተር ጋር እንደተገናኘ የሚያሳይ ሥዕል ያወጣል። አልተበላሸም። የመኪናው ኦሪጅናል ገመድ ውስጥ አራተኛው ፒን ከግራውንድ ጋር በሬዚስተር የተያያዘ ነው፤ መሣሪያው «መኪና ላይ ነኝ» ብሎ የሚያውቀው በዚያ ነው። ተራው ገመድ ይህ የለውም። ስለዚህ ያገለገለ ኑቪ ስትገዙ ኦሪጅናል የመኪና ገመዱ ከሌለ ዋጋ ቀንሱ፤ አለዚያም ለጂፒኤስ ተብሎ የሚሸጠውን ገመድ ጠይቁ።

ያገለገለ ዕቃ ከተነሳ ቀኑን ማየትም አትርሱ። የጂፒኤስ ሥርዓት ሳምንትን የሚቆጥረው እስከ 1,024 ነው፤ ከዚያ ወደ ዜሮ ይመለሳል። የመጨረሻው መመለስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ነበር፤ ቀጣዩ በ2038 ይሆናል። ሶፍትዌሩ ያልታደሰ አሮጌ መሣሪያ ቀኑን ወደ ኋላ 19 ዓመት ከ7 ወር ያህል ስቶ ያሳያል። መሣሪያውን ደጅ አውጥታችሁ ሳተላይት እስኪይዝ ጠብቁና ቀኑን እዩ። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ከተሳሳተ፣ ሻጩ ፊታችሁ ሶፍትዌሩን ካላደሰው አትውሰዱት።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ጂፒኤስ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ላኪው ደግ አስቦ ነው፤ «የዕድሜ ልክ ካርታ አለው» ብሎም ይጽፋል። የዕድሜ ልክ እድሳቱ ግን የሚያድሰው መሣሪያው ሲሸጥ የነበረበትን አህጉር ካርታ ብቻ ነው። የሰሜን አሜሪካ ካርታ ያለው ጋርሚን አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ጥቂት ዋና መንገዶችና ባዶ መሬት ያሳያል፤ መቶ ጊዜ ቢታደስ ኢትዮጵያ አትጨመርለትም። በአሜሪካ የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ዕቃ የሚወዱበት ምክንያት ትክክል ነው። እዚያ ተጎታቹ ቁመቱ 13 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ማለትም 4.1 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የመኪናውን ቁመትና ክብደት ተቀብሎ ከዝቅተኛ ድልድይ የሚያርቅ ጂፒኤስ ሥራቸውን ያድናል፤ የስልክ ካርታ ግን እንደ ቤት መኪና ይመራቸዋል። ያ ጥቅም የሚመጣው ካርታው ላይ የእያንዳንዱ ድልድይ ቁመት ስለተመዘገበ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ በሌለው ካርታ ላይ ቁመት ማስገባት ከንቱ ነው።

ዕቃው አንዴ ከመጣ ግን አይጣልም። በነፃ የሚገኘውን የኦፕን ስትሪት ማፕ የኢትዮጵያ ካርታ በጋርሚን ቅርጽ አዘጋጅተው የሚያቀርቡ ድረ ገጾች አሉ፤ የሚከፈልበት ከተፈለገ የደቡብ አፍሪካው ትራክስ ፎር አፍሪካ ከአስፋልት ውጪ ላሉ መንገዶች የተሠራ ነው። ለነፃው የሚያስፈልገው ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ነው፤ ለአሮጌ ሞዴሎች ከ32 ጊጋባይት አይብለጥ፣ ፋት 32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ይፎርማት። ካርዱ ላይ «ጋርሚን» የሚል ፎልደር በእንግሊዝኛ ፊደል ይከፈታል፤ የወረደው የካርታ ፋይል ስሙ አንድ ፊደል እንኳ ሳይነካ እዚያ ውስጥ ይገባል። የፋይሉ ስም ሲቀየር መሣሪያው ካርታ መሆኑን ላያውቅ ይችላል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ከዚያ ካርዱን ሰክቶ፣ በሴቲንግ ውስጥ «ማይ ማፕስ» የሚለውን ከፍቶ አዲሱን ምልክት ማድረግና የድሮውን ምልክት ማንሳት ነው። ድሮው ካልተነሳ ሁለቱ ተደራርበው አዲሱ ሊሸፈን ይችላል። ስታወርዱ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ምረጡ፤ እነዚህ መሣሪያዎች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው አማርኛው ካርታ ባዶ ሳጥን ወይም ምንም ያልተጻፈበት መንገድ ሆኖ ይወጣል።

መኪናው ራሱ ይዞት የሚመጣው ናቪጌሽንም አለ። ከጃፓን የገባ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ላይ ያለው የጃፓን ካርታ ነው፤ ባትሪ ሲነቀል የካርታ ካርዱን ወይም ኮድ ጠይቆ የሚቆለፈውም እሱ ነው። ኮድ ለማስከፈት ገንዘብ አታውጡ፤ ቢከፈትም ኦሳካን ነው የሚያሳያችሁ። ሬዲዮውም ቢሆን ለጃፓን ሞገድ የተሠራ ስለሆነ ሸገር 102.1ን ያለ ተጨማሪ ዕቃ አይዝም። ብዙ ሰው በሬዲዮው ሳቢያ በአንድሮይድ ስክሪን ይቀይረዋል፤ ከቀየረ አይቀር ሜሞሪው (ራሙ) 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ቢመርጥ ካርታውም አብሮ ይሠራለታል። ባለ 1 እና 2 ጊጋባይቶቹ ካርታ ሲከፈት ይንቀራፈፋሉ። ገጣሚው የጂፒኤስ አንቴናዋን የት እንዳስቀመጠ ግን ጠይቁ። ማግኔት ያለው ፊቷ ወደ ታች፣ ሌላው ፊቷ ወደ ሰማይ ሆኖ ከመስታወቱ ሥር መቀመጥ አለባት፤ ከስክሪኑ ጀርባ ብረት ውስጥ የተወሸቀች አንቴና ምንም አትሰማም። ከቻይና የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ትልቅ ስክሪን አላቸው፤ ለቻይና ገበያ የተሠሩት ላይ ያለው ካርታ ግን እዚህ አያገለግልም። ለእነሱ የስልክ መያዣ ግዙ።

በጀቱ ጠበብ ላለ ሰው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠውን አሮጌ አንድሮይድ ስልክ አውጡ፤ ሲም አያስፈልገውም። አላስፈላጊውን መተግበሪያ ሁሉ አጥፉ፣ ኦርጋኒክ ማፕስን ጫኑ፣ የኢትዮጵያን ካርታ ቤት ዋይፋይ ላይ አውርዱ፣ በየወሩ አድሱት። ባትሪ መሙላትን በ80 ከመቶ የሚያቆም ምርጫ ካለው አብሩት፤ ሙሉ ሆኖ በሙቀት ውስጥ ዘወትር የሚሞላ ባትሪ ያብጣል። ይህ ስልክ ከቆላ መስመር በስተቀር የጂፒኤሱን ሥራ ሁሉ ይሠራል፤ ዋና ስልካችሁም ለጥሪ ነፃ ይሆናል። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት የተከለከለ መሆኑን እያስታወስን፣ መድረሻው ከመነሳት በፊት ይግባ፤ መንገድ ላይ መቀየር ካለበት ዳር ይዞ መቆም ወይም ለረዳት መስጠት ነው።

አሁን የአድራሻው ጉዳይ። አገራችን ውስጥ ሰው አድራሻ የሚናገረው በምልክት ነው፤ «ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ ከጋራዡ ፊት ለፊት»። ይህን የትኛውም ጂፒኤስ አይገባውም። በቴሌግራም «ሎኬሽን ላክልኝ» የሚለው ልማድ ትልቅ ችግር ፈቷል፤ ከስልክ ወደ መኪና ጂፒኤስ ግን ሎኬሽን በቀላሉ አይተላለፍም። የሚተላለፈው ቁጥር ነው።

ቁጥሩን በምሳሌ እንየው። መስቀል አደባባይ በአስርዮሽ ሲጻፍ 9.0106፣ 38.7614 ነው። የመጀመሪያው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን፣ ሁለተኛው ከግሪንዊች መስመር ወደ ምሥራቅ ነው። ጎግል ማፕ ላይ ቦታውን በጣት ለረጅም ጊዜ ተጭናችሁ ስትይዙ ይህ ቁጥር ይወጣል። ጋርሚን ግን ከፋብሪካ ሲመጣ በዲግሪና በደቂቃ የሚጠብቅ ነው፤ በእሱ አጻጻፍ ያው ቦታ 9 ዲግሪ ከ00.636 ደቂቃ፣ 38 ዲግሪ ከ45.684 ደቂቃ ይሆናል። ሰው 9.0106ን አይቶ 9 ዲግሪ ከ01.06 ደቂቃ ብሎ ካስገባ መኪናው ከአደባባዩ 780 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይወሰዳል። 38.7614ን በዚያው መንገድ ሲሞክር ግን 76 ደቂቃ የሚባል ስለሌለ መሣሪያው እምቢ ይላል፤ ስሕተቱን የሚያስታውቀው ያ እምቢታ ነው። መፍትሔው በሴቲንግ ውስጥ የቦታ አጻጻፉን አንዴ ወደ አስርዮሽ መቀየር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ከተለዋወጡ ደግሞ መስቀል አደባባይ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተ ደቡብ ባሕር ውስጥ ይገባል። በኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ቁጥር በ3 እና በ15 መካከል፣ ሁለተኛው በ33 እና በ48 መካከል መሆኑን ማወቅ ለማጣራት ይበቃል። ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ሲኖር ስሕተቱ ከ11 ሜትር አይበልጥም፤ ሦስት ብቻ ከሆነ እስከ 110 ሜትር ይደርሳል።

የቀያሾች ቁጥር በእጁ የገባ ሰው ግን ይጠንቀቅ። በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ባለ 1 ለ50,000 ካርታዎች ላይ ቁጥሩ የተለካበት መነሻ (ዳተም) አዲንዳን የሚባለው ነው፤ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84ን። ሳይቀየር ቢገባ 200 ሜትር ገደማ ይስታል። ለከተማ ይህ ሁለት ሰፈር ነው።

ጥያቄያችን እነሆ። የመኪና ጂፒኤስ የሚሸጡ መደብሮች ሣጥኑ ላይ የሚለጥፉት ወረቀት ሦስት ነገር ቢይዝ እንወዳለን፤ ካርታው የየት አገር ነው፣ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው፣ እድሳቱ ኢትዮጵያን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም። መንገድ የሚዘጉና አቅጣጫ የሚቀይሩ የከተማው መሥሪያ ቤቶችም ለውጡን ከሚያሳውቁበት ማስታወቂያ ጋር የቦታውን ቁጥር ቢያወጡ፣ ካርታ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች በማግሥቱ ሊያስገቡት ይችላሉ።

ለጋዜጣው ደግሞ፤ ገጾቻችሁ በጨረታ ማስታወቂያ የተሞሉ ናቸው። ሰነድ የሚሸጥበትና ንብረት የሚታይበት ቦታ የሚጻፈው «ከሕንፃው ጀርባ 100 ሜትር ገባ ብሎ» ተብሎ ነው፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ተጫራች የማስረከቢያውን ሰዓት በመጠየቅ ይጨርሰዋል። ማስታወቂያ ስትቀበሉ አስነጋሪውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ብትጠይቁት ከአንድ መስመር ግማሽ አይበልጥም። ከስልክ ቁጥሩ ቀጥሎ እንዲህ ቢታተም ይበቃል፦ ቦታ 9.0106፣ 38.7614።

ከሰላምታ ጋር፣
የመኪና ኤሌክትሪክና የጂፒኤስ ገጠማ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ